የተቆላ አንገት ያለው ቤዝ ጊታር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ዓርብና ቅዳሜ ማታ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። ቤዜ ባለ አራት ክር ሲሆን አንገቱ ሜፕል ከሚባለው እንጨት፣ ተራው ዓይነት ነው። ክረምት ሲገባ ክሮቹ ከፍ ብለው ጣቴን ያደክሙኛል፤ በጋ ላይ ደግሞ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬቶቹን፣ እየመቱ ይንጣጣሉ፣ የፍሬቶቹ ጫፍም እጄን ይቧጭረኛል። ከውጭ የሚመጣ ዘመዴ የተቆላ ሜፕል፣ ሻጮቹ ‹ሮስትድ› የሚሉት አንገት ያለው ቤዝ ሊያመጣልኝ ይችላል፤ ዋጋው ግን ጠንከር ያለ ነው። እውነት ድምፁ ይሻላል? ጓደኛዬ በበኩሉ ‹ምን አስወጣህ? ያንተኑ አንገት ፈትተን ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ እናስገባው› እያለኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከዳቦ ቤቱ ልጀምር፤ ይህ መልስ ሳይደርስህ ጓደኛህ ብሎኖቹን መፍታት እንዳይጀምር እሰጋለሁ። ተዉት። የዳቦ ምድጃ ሙቀት አንሶት አይደለም፤ እንጨት የሚቆላው ከ160 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው፣ ዳቦ ቤት ደግሞ ይህን ያህል በቀላሉ ያሞቃል። ጉዳዩ አየሩ ነው። ፋብሪካ ውስጥ እንጨቱ የሚሞቀው ኦክስጅን በሌለበት ወይም እጅግ በሳሳበት ክፍል ነው፤ ክፍሉን በእንፋሎት ወይም በናይትሮጅን ይሞሉታል፣ አለዚያም አየሩን መጥጠው ያወጡታል። ኦክስጅን እያለ ያን ያህል የሞቀ እንጨት መክሰል ይጀምራል። ከዚያም በላይ፣ ፋብሪካው የሚቆላው ገና ምንም ያልተሠራበትን ጣውላ ነው፤ ሙቀቱን ቀስ አድርጎ ያወጣል፣ ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ በመጨረሻም ጥቂት እርጥበት ይመልስለታል። ያንተ አንገት ግን ሆዱ ውስጥ ብረት ተቀብሮበታል፣ ፍሬት ተመትቶበታል፣ በኮላ ተጣብቋል፣ ላከር የሚባለውን መከላከያ ቅብ ተቀብቷል። ነጩ የእንጨት ኮላ 100 ዲግሪ ሳይሞላ ይለሰልሳል። ከምድጃው የምታወጣው የተጣመመ ዱላና የላላ ፍሬት ነው፤ በማግሥቱ ዳቦ የሚገዛው ሰፈርም ላከር ላከር የሚሸት ዳቦ ይበላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ አንገቱ በእርግጥ የተቆላ ከሆነ ሐዋሳ ላይ ለሚጫወት ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት የሚያስቆጭ አይመስለኝም። ገንዘቡን የምታወጣው ግን ለድምፅ ብለህ ከሆነ ትከፋለህ። ምክንያቱን ለማስረዳት እንጨቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገርህ።

እንጨት በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፦ ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን። ሴሉሎስ ረጃጅሙ ጭረት ነው፣ ሊግኒን ጭረቱን የሚያያይዘው ነው። ሄሚሴሉሎስ በመካከላቸው ያለ፣ ከሦስቱም በላይ ውኃ የሚወድ፣ ሙቀትንም ከሦስቱ ሁሉ ቀድሞ የማይችል ነው። ሲቆላ በመጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነው። እንጨቱ ውስጥ የነበሩ ስኳርና ሙጫ መሰል ነገሮችም ይተናሉ ወይም ይጠቁራሉ፤ ቡናማው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ከዳር እስከ መሐል የሚዘልቀውም ለዚህ ነው። የተቆላ ሜፕል በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍገው የተቃጠለ ስኳር ሽታ ይሰጥሃል፤ ሥራ ቤት ውስጥ አንድ አንገት ሲሞረድ ጎረቤት ከረሜላ የሚፈላ ሊመስለው ይችላል። ውኃ የሚስበው ክፍል ስለቀነሰ እንጨቱ ከዚያ በኋላ ከአየር የሚወስደው እርጥበት ካልተቆላው ወንድሙ ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል። የተቆላ እንጨት ዋና ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ዘዴው ለሙዚቃ ተብሎ የተፈጠረም አይደለም። ፊንላንዶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ‹ቴርሞውድ› በሚል የንግድ ስም ያወጡት ለውጭ ግድግዳ፣ ለበረንዳ ወለልና ለሳውና ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ዝናብና እንፋሎት ሲፈራረቅበት የማይላወስ ጣውላ ነበር የፈለጉት። ጊታር ሠሪዎች በኋላ መጥተው ነው ‹ይህ ለአንገት ይሆናል› ያሉት።

አሁን ያንተን አንገት በቁጥር እንየው። አየሩ 30 በመቶ እርጥበት ሲኖረው ተራ እንጨት ከክብደቱ 6 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ 65 በመቶ ሲደርስ ወደ 12 ይጠጋል፤ 80 ላይ ወደ 16 ይወጣል። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው። ጠንካራው ሜፕል ከእርጥብነት እስከ ፍጹም ደረቅነት በዕድገት ቀለበቶቹ አቅጣጫ 10 በመቶ ያህል ይጠባል፤ ስለዚህ በአንድ በመቶ የእርጥበት ለውጥ አንድ ሦስተኛ በመቶ ገደማ ማለት ነው። የቤዝ አንገት ወደ ቦዲው፣ ወደ ሰፊው አካል፣ በሚገባበት ጫፍ ላይ ወርዱ 62 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከክረምት እስከ በጋ የእንጨቱ እርጥበት በ4 በመቶ ቢወርድ 0.8 ሚሊ ሜትር ጠበበ ማለት ነው፤ በግራና በቀኝ 0.4። ፍሬቱ ግን ብረት ነው፤ አይጠብም። እጅህን የሚቧጭርህ ይኸው 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በተቆላ አንገት ላይ ይህ ቁጥር ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ጫፉ በደንብ ተሞርዶ ከመጣ ጣትህ ልብ ሳይለው ሊያልፍ ይችላል።

የክሮቹ ከፍ ዝቅ ማለትም የዚሁ ጉዳይ ነው። መካከለኛ ውፍረት ያላቸው አራት የቤዝ ክሮች ሲቃኙ አንገቱን በድምሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል ይጎትቱታል። አንገቱ ውስጥ የተቀበረው ብረት፣ ትራስ ሮድ የሚባለው፣ ያንን ጉተታ በተቃራኒው ይይዘዋል፤ ጊታር ሠሪው ጊብሰን ለዚህ ብረት የፈጠራ መብት ያገኘው በ1923 ነው፣ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም። ሁለቱ ኃይሎች ሚዛን ላይ እያሉ እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ወይም ሲደርቅ ሚዛኑ ይዛባል። ወዴት እንደሚያጋድል እንደ አቆራረጡና ፍሬቶቹ እንደተተከሉበት ሰሌዳ፣ እንደ ፍሬት ሰሌዳው፣ እንጨት ይለያያል፤ ያንተው በክረምት ወደ ክሮቹ ጉተታ ይሰግዳል፣ በበጋ ወደ ኋላ ይቀናል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ከክረምቱ ጋር ሊያያዝ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ በዚያ ላይ የሐይቁ አየር አለ። ምሽት ላይ አሞራ ገደል አካባቢ የቆመ ሰው ልብሱ ላይ የሚሰማው እርጥበት፣ ክፍት በረንዳ ላይ የሚጫወት ቤዝ አንገት ላይም ያርፋል። ኅዳር አልፎ ደረቁ ነፋስ ሲጀምር ነገሩ ይገለበጣል። አንገትህ አልተበላሸም፤ እንጨት የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው።

የእጅ ስሜቱንም አልንቀውም። ተራ ሜፕል ላብና ቆሻሻ ስለሚጠጣ ላከር ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቀው ላከር ደግሞ ላብ ያለበት አውራ ጣት ላይ ይጣበቃል። የተቆላውን ቀጭን ዘይትና ሰም ቀብተው ይተዉታል። ሚዩዚክ ማን የተባለው ኩባንያ በ2018 ያወጣው ስቲንግሬይ ስፔሻል የተባለ ቤዝ አንገቱ የተቆላ ሜፕል ነው፤ እጅህን ከላይ እስከ ታች ስታንሸራትትበት የሚይዝህ ነገር የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጥ ችክችካ የምትመታ ከሆነ ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይገባሃል። በእኔ ግምት ሰዎች ‹ድምፁ ተለወጠ› ከሚሉት ውስጥ ብዙው እጁ ስለቀለለው የተሻለ የተጫወተ ሰው ድምፅ ነው።

ድምፁን በተመለከተ ሻጭ ሁሉ ‹እንደ አሮጌ እንጨት ይጮኻል› ይልሃል። መሠረት የሌለው አይደለም፤ እንጨት በብዙ ዘመን ዕድሜው ውስጥም ሄሚሴሉሎሱን ቀስ በቀስ ያጣል፣ የተቆላ እንጨትም ንዝረትን ውስጡ የማፈን ባሕርይው ይቀንሳል። ለዚህ ነው ያማሃና ማርቲን ለአንዳንድ አኮስቲክ ጊታሮቻቸው ገበታ ይህን የመሰለ ሕክምና የሚጠቀሙት። አኮስቲክ ላይ ግን ድምፁን ወደ አየር የሚያወጣው ቀጭኑ ገበታ ራሱ ነው። በኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ ድምፁን የሚወስደው ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔት፣ ፒካፕ የሚባለው ነው፤ ፒካፑ የሚያየው የብረቱን ክር መርገብገብ ብቻ ነው። እንጨቱ የሚገባበት መንገድ አንድ ነው፦ ከክሩ ኃይል በመስረቅ። እያንዳንዱ አንገት ራሱ የሚርገበገብበት የተወሰነ ፍጥነት አለው፤ የምትመታው ኖታ ከዚያ ጋር ሲገጥም አንገቱ ኃይሉን ይውጠውና ኖታው ቶሎ ይሞታል። ፌንደር የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ዓይነት ቤዞች ላይ ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ ቀጭኑ የጂ ክር ላይ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት ድረስ ነው። አሁኑኑ ያንተን ሞክረው፤ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ዘጠነኛውን እኩል ምታና እስኪጠፋ ጠብቅ። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞታል።

አንገቱ ሲቆላ ክብደቱም ግትርነቱም ጥቂት ስለሚለወጥ የሞተው ቦታ ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው ሊሸሽ ይችላል። ይጠፋል ብሎ የሚምልልህን ግን አትመን። የቤዙ ጭንቅላት ላይ፣ የመቃኛ ቁልፎቹ ባሉበት ጫፍ፣ ክብደት የሚጨምር ትንሽ መቆንጠጫ ማሰር ከዚያ የማይተናነስ ለውጥ ያመጣል። አዲስ ክርና የፒካፑ ከፍታ ከሁሉም በላይ ይሰማሉ። ጆቫኒ ሪኮ በሮሃ ባንድ ዘመን ያንን ሁሉ ካሴት በቤዙ ተሸክሞ ሲሄድ የተቆላ አንገት ገበያ ላይ አልነበረም፤ ዛሬ ካሴቱን የሚያዳምጥ ሰው የጎደለ ነገር አይታየውም። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ከበሮውና ኪቦርዱ ሲገቡበት፣ ሰውም ሲያወራ፣ አንተ ራስህ እንኳ ልዩነቱን ከመድረኩ ላይ አትለየውም።

ታዲያ ፋብሪካዎቹ ለምን እንዲህ ወደዱት? አንዱ ምክንያት አሁን ያልኩህ ነው፤ ከካሊፎርኒያ ወጥቶ ሲንጋፖር ወይም ሐዋሳ የሚገባ አንገት ሳይላወስ ቢደርስ ቅሬታው ይቀንስላቸዋል። ሌላው ምክንያት የእንጨት ችግር ነው። በ2011 የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች ጊብሰን ፋብሪካ ገብተው ከህንድ የመጡ ኤቦኒና ሮዝውድ የተባሉ ጥቋቁር እንጨቶችን ሲወስዱ፣ ኩባንያው የተወሰኑ ጊታሮቹን በተቆላ ሜፕል ፍሬት ሰሌዳ አወጣ። ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ገቡ፤ የተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚህ የወረቀት ጣጣ ነፃ የወጡት በ2019 መጨረሻ ነው። ጥቁር መልክ የሚወድ ደንበኛ አለ፣ ጥቁሩን እንጨት ድንበር ማሻገር ከባድ ሆኗል፣ ሜፕል ግን ሞልቷል፤ ሜፕሉን ቆልተህ አጠቆርከው ማለት ነው። ይህን የምነግርህ ከዋጋው ውስጥ የተወሰነው የመልክ ዋጋ መሆኑን እንድታውቅ ነው። መልክ መውደድም ነውር አይደለም፤ የተቆላ ሜፕል በእርግጥ ያምራል።

ቦዲው የተቆላ ከሆነስ? ፌንደር በ2020 አሽ የተባለውን እንጨት መጠቀም እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ዛፉን የሚበላ ጥንዚዛ ተነሥቶበት ነበር። በዚያው ዓመት የተቆላ ፓይን ቦዲ ያላቸው ሞዴሎችን አወጣ። ጥቅሙ ቅለቱ ነው፤ ውኃውና ሙጫው ስለወጣ ትከሻህ ይቀልለዋል። ቦዲ ግን ወፍራም ስለሆነ በክረምትና በበጋ መካከል ቢሰፋ ቢጠብ ክሮቹ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው። አንገት ወይስ ቦዲ ብለው ቢያስመርጡህ አንገቱን ውሰድ። ቦዲው እጅግ ቀሎ አንገቱ ከባድ ሲሆን ደግሞ ቤዙ ማንጠልጠያው ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን ወደ መሬት ይደፋል፤ ግራ እጅህ ሲደግፈው ያመሻል።

ስለ ጉድለቱ ብዙ ሰው አያወራም። የተቆላ እንጨት ይሰባበራል። ሄሚሴሉሎሱን ስታፈርስበት መታጠፍ የሚችልበትን አቅም አብረህ ነው የምትወስድበት። ተራ ሜፕል ሲወድቅ ይሰነጠቅና ጭረቶቹ ተያይዘው ይቀራሉ፣ ኮላ ገብቶበት ይድናል፤ በጣም የተቆላው እንደ ደረቅ ብስኩት ነው ጥርት ብሎ የሚለያየው። ስለዚህ ቤዝህን ወንበር ላይ አስደግፈህ ሻይ ለመጠጣት የምትሄድ ከሆነ፣ ማቆሚያ ግዛ። ብሎን ሲገባበት ቀዳዳው አስቀድሞ በትክክለኛው ልክ በትራፓኖ መበሳት አለበት፤ ካልሆነ ይሰነጠቃል፣ ወይም ጥርሱ ይፈጫል። የመቃኛ ቁልፎችን እቀይራለሁ ብለህ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ብሎን በጉልበት ማስገባት የተቆላ ጭንቅላት ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። ፍሬት ሲነቀልም ዳሩ ላይ ያለው እንጨት ፍንክት ፍንክት እያለ ይወጣል፤ ባለሙያው ፍሬቱን በብየዳ ብረት ሞቅ አድርጎ፣ በዝግታ ካላነሣው በቀር። ነጭ ኮላም ውኃውን ቶሎ ስለማይጠጣለት ረዘም ላለ ጊዜ ተጠፍሮ መቆየት አለበት። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ካላገኘህ አንገቱን አታስነካው። ፀሐይም አትስማማውም፤ ቡናማው ቀለም በብርሃን ብዛት ይገረጣል፣ ስለዚህ በቀን ሐይቁ ዳር ሣር ላይ አስተኝተኸው አትዋል።

ሌላው የማስጠነቅቅህ ቀለም ተቀብቶ ‹የተቆላ› የሚባለውን ነው። ዘመድህ ሱቅ ውስጥ ከሆነ፣ አንገቱ እንዲፈታ መጠየቅ አይፈር። ቦዲው ውስጥ የሚገባው ጫፍ ብዙ ጊዜ ያልተቀባ ነው፤ ብሎኖቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች በስልኩ መብራት ይያቸው። በእርግጥ የተቆላ ከሆነ የቀዳዳው ግድግዳ እስከ ውስጥ ድረስ ያው ቡናማ ነው። ቀለም ከሆነ ውጩ ቡናማ፣ ውስጡ እንደ ቅቤ የነጣ ይሆናል። ጠጋ ብሎ ቢያሸተውም ይታወቃል። ቀለሙ ራሱ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ ቀለል ተደርጎ የተቆላ፣ የማር መልክ ያለው ሜፕል ከጠቆረው ይልቅ ጥንካሬውን ይይዛል። እኔ ብሆን ቸኮሌት የመሰለውን ትቼ ማር የመሰለውን እመርጣለሁ። በእንጨቱ ውስጥ የካርበን ዘንጎች ከተቀበሩበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። የትራስ ሮዱ ማዞሪያ ወዴት እንደሆነም ይጠይቅ፤ አንገቱን ሳይፈቱ የሚደረስበት ከሆነ በየወቅቱ ከብዙ ጣጣ ያድንሃል።

እርግጥ የተቆላ አንገትም ማስተካከል ይፈልጋል። ግማሽ መንቀሳቀስ እንጂ አለመንቀሳቀስ አይደለም።

ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት ግን ያለህን ቤዝ አንድ ጊዜ በአግባቡ ፈትሸው። ክሮቹን ቃኝተህ፣ ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ በግራ እጅህ፣ መጨረሻው ፍሬት ላይ በቀኝ ክርንህ ወይም በጓደኛህ ጣት ያዘው (ምድጃውን ለመተው ካሳ ይሁነው)። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ፤ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የአድራሻ ካርድ የሚያሳልፍ ያህል ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ትራስ ሮዱን ወደ ቀኝ፣ ከጠበበ ወደ ግራ፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ያልበለጠ አዙር፤ አንገቱ እስኪለምድ አሳድረውና እንደገና ለካ። ቁልፉ ከጠነከረብህ በጉልበት አትግፋው፤ ለባለሙያ አሳየው። የሾለውን የፍሬት ጫፍ መሞረድ ለባለሙያ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ አንገቱ ጠብቦ ባለበት በበጋ ካሠራኸው በክረምት ሲሰፋ አይመለስብህም። ቤዙን ከጨዋታ በኋላ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ክተተው፣ ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት መለኪያ አስቀምጥ።

ዘመድህ መቼ እንደሚመጣ አልጻፍክልኝም። መስከረም ካለፈ በኋላ ከሆነ ጊዜ አለህ፤ አሁን ያስተካከልከውን ቤዝ ሐምሌ ላይ እንደገና ለካው። ትራስ ሮዱ ከሩብ ዙር በላይ ካልጠየቀህ፣ ያንን ገንዘብ ለጥሩ አምፕሊፋየር አውለው፣ አድማጭህም የሚሰማው እሱን ነው። ግማሽ ዙርና ከዚያ በላይ እያስጠየቀህ ከሆነ፣ ወይም ክረምቱ ሳይገባ የሚመጣ ከሆነና ገንዘቡ የማይጎዳህ ከሆነ፣ የተቆላውን አንገት ያምጣልህ፤ ማር የመሰለውን፣ ዘይት የተቀባውን፣ ቀዳዳው እስከ ውስጥ ቡናማ የሆነውን።